ባዶ የተባሉት አልጋዎች

ሮተርዳም፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ የእህቴ ልጅ ሻፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአንተም፣ ለእናትህም፣ ለትንሿ ዩስራም ሰብሩን ይስጣችሁ። እህትህን ሞሚናን ጀነት ያስገባት፣ ቀብሯን ያስፋላት፣ ሕፃኑንም ከእሷ ጋር ያድርገው።

እናትህን በስልክ ላናግራት ሞክሬ ነበር። ለቅሶዋ ብቻ ነው የተሰማኝ። እኔም ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ ዘጋሁት። በለቅሶው ላይ ባለመገኘቴ የሚሰማኝን አላህ ያውቃል። ለሰደቃ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬአለሁ። የጎደለ ካለ ንገረኝ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው። ሥራዬን ታውቃለህ። ድሃ አገር ባላት ገንዘብ ለብዙ ሰው የተሻለ ሕክምና እንዴት ማድረስ ትችላለች የሚለውን ነው የማጠናው። የባሌን እናቶች ጉዳይ የሚመለከት ሁለተኛ ጥናት ልንጀምር ነው። የሞሚና አሟሟት ከንቱ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ምጡ መቼ ጀመረ? አምቡላንስ ማን ጠራ? መቼ ደረሰ? አምቡላንስ እኮ ነበር፣ አይደል? ባለቤቷን ዲኖን ጠይቀህ ጻፍልኝ። በስልክ እናትህ ስለምትሰማ በእጅህ ጽፈህ ወረቀቱን ፎቶ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ። አንተ አሥራ አንደኛ ክፍል ብትሆንም ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ እንደምትጽፍ አውቃለሁ።

እናትህን ግንባሯን ሳምልኝ።

አጎትህ ዓብዱልፈታሕ


ሮቤ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ዶክተር ዓብዱልፈታሕ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አለን። የላኩት ደርሷል። እናቴ አላህ ይስጠው ብላለች።

ደብዳቤዎን ሳነብ መሐል ላይ አቋርጬ ወጥቼ ነበር። ከሐዘን አይምሰልዎ። እህቴን ከቀበርናት ገና አፈሩ አልደረቀም፣ እርስዎ ግን መኪናው መቼ ደረሰ ይሉኛል። እሺ፣ ልመልስልዎ።

ምጡ የጀመራት ሪራ፣ ቤቷ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ ያውቃሉ። ዲኖ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጦ ወጥቶ ደወለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ዲንሾ ሄዷል አሉት። ለዚህ ሁሉ ተራራ ያለን አምቡላንስ አንድ ነው። ሪራ የደረሰው ቀትር ካለፈ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ሳነቴ አምባ ላይ ሲደርስ ጭጋግ ወረደ። ሾፌሩ ፍቅረሥላሴ በቀን መብራት አብርቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ልጁ እዚያው መኪናው ውስጥ ተወለደ። አልተነፈሰም። ከዚያ ደሙ መጣ። ዲኖ ጋቢውን፣ ከዚያ ሸሚዙን፣ ከዚያ የመኪናውን ምንጣፍ አደረገላት። «ጎባ ደረስን?» እያለች ትጠይቅ ነበር አሉ። ፍቅረሥላሴ «ደርሰናል እህቴ፣ ይኸው ቆርቆሮው ይታያል» እያለ ይዋሻታል። የሚታይ ነገር አልነበረም። ጭጋግ ነው። ጎባን ሳታይ ሞተች። ፍቅረሥላሴ ክርስቲያን ነው፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ግን ከቤታችን አልጠፋም።

አምቡላንስ ነበር አይደል ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ሞሚና ዩስራን ስታረግዝ ገና ሳይደርስባት ሳነቴን ተሻግራ መጥታ ጎባ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ቤት ነበር ቀኗን የጠበቀችው። ምጧ ሲመጣ በእግሯ ሄዳ ወለደች። ዩስራ ይኸው አጠገቤ እርሳሴን እየቀማችኝ ነው። ዘንድሮ ለምን አልመጣችም? ቤቱ ስለተዘጋ ነው። አሁን የተሰበረ ወንበርና የሞተ ሞተር ብስክሌት የሚከማችበት ሆኗል። ለምን ተዘጋ ስንል «ጥናት ተጠንቶ ነው፣ ማቆያው አያዋጣም፣ አምቡላንስ ይሻላል ተብሏል» ይሉናል።

እርስዎ የዚህ ሙያ ሰው ነዎት። ይህን ጥናት ያጠናው ሰው ማን እንደሆነ ፈልገው ስሙን ይላኩልኝ። እንዲህ በወረቀት ልጽፍለት እፈልጋለሁ። ለዚህ አልቸገርም።

ረቢ ያቆይዎ።

ሻፊ ነኝ


ሮተርዳም፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሻፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒዱ እንዴት አለፈ? አላህ የከርሞ ሰው ይበለን። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር በለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ስብሰባም ነበረብኝ።

የጻፍከውን አነበብኩ። ደግሜም አነበብኩት። ስለ ጥያቄዎቼ አትጨነቅ፣ ተዋቸው። ዲኖንም ከዚህ በላይ አታስቸግረው።

ስለጠየቅኸኝ ጥናት ማለት የምችለው፣ እንዲህ ያለ ሥራ የአንድ ሰው እንዳልሆነ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ችግሩ ብዙ ነው። አልጋ ተገዝቶ፣ ዘበኛና ጽዳት ተቀጥሮ ቤቱ ባዶውን ከዋለ ያ ገንዘብ ሌላ እናት ሊያድን ይችል ነበር ማለት ነው። አጥኚ ያየውን ይጽፋል፤ የሚወስነው ሌላ ነው። አንተ ብልህ ልጅ ነህ፣ ሲረጋጋልህ ይገባሃል።

ይልቅ ስለ ትምህርትህ ጻፍልኝ። ላፕቶፕ ልልክልህ አስቤአለሁ። በክረምት ኮምፒውተር ብትማር መልካም ነው። ለዩስራም ጫማ የሚሆን አብሬ ልኬአለሁ። የእግሯን ልክ ንገረኝ።

አላህ ይጠብቃችሁ።

አጎትህ


ሮቤ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ዓብዱልፈታሕ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ አንተ እያልኩ ጀምሬው ነበር። እናቴ በጎኔ ስታልፍ አየችና «ለአጎትህ ነው አንተ የምትለው?» ብላ ቀደደችው። ምን እንደምጽፍልዎ አታውቅም። ስለዚህ እርስዎ እያልኩ እጽፋለሁ።

የጠየቅሁዎትን ስም አልላኩልኝም። እኔ አገኘሁት። ትናንት ጎባ ሄጄ አዋላጇን ሲስተር ኤደንን ጠየቅኋት።

«ሲስተር፣ ማቆያውን ያስዘጋው ጥናት የማን ነው?»

«አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።

«ባውቅ ምን አስመጣኝ?»

ጓንቷን አወለቀች። «ያጎትህ ነው እኮ ሻፊ። ስሙን ሳየው ‹የሞሚናችን አጎት› ብዬ ለሁሉ አሳይቼ ነበር።»

ግንቦትን ሙሉ፣ ሰኔንም እስከ አጋማሽ ዝም ያሉት ለዚህ ነው። ሥራ በዝቶብዎ አይደለም።

ግን ከዚህ የባሰ አለ። ኢፍቱን አያውቋትም። የዲኖ ወንድም ሚስት ናት፣ ሪራ ከሞሚና ቤት ጎን ነው የምትኖረው። እርስዎ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ጊዜ፣ ዩስራ ገና ሳትወለድ፣ ኢፍቱና ሞሚና እዚያው ማቆያ ውስጥ፣ አልጋቸው ጎን ለጎን፣ ቀናቸውን እየጠበቁ ነበር። አዎ፣ እርስዎ ባዶ ነው ባሉት ቤት። ኢፍቱ የነገረችኝን ልጻፍልዎ።

ከቢሮ ሰው መጥቶ «ነገ ከውጭ አገር ዶክተር ይጎበኛችኋል» አለ። ስሙን ሲጠራ ሞሚና እልል አለች። «አጎቴ ነው! ተነሱ፣ ተነሱ! አጎቴ ተጋድመን ያግኘን?»

ኢፍቱ «እግሬ አብጧል፣ የት ልሂድልሽ?» ስትላት፣

«ለአንድ ቀን ደብቂዋ እግርሽን!» አለቻት።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ደግሞም ወንድ እንግዳ ሊገባ ነው፤ እርጉዝ ሴት ተኝታ እንዴት ትጠብቀዋለች? የእኛ ሴቶች እንግዳ መጣ ሲባል ምን እንደሚያደርጉ እርስዎን ማስተማር ያስፈልግ ነበር? በማግሥቱ ወለሉን አጠቡ። ብርድ ልብሱን አራግፈው አነጠፉ። ሣር ጎዘጎዙ። ጓዛቸውን፣ ድስታቸውን፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ከአጥሩ ጀርባ ካለች መበለት ቤት ገቡ። እርስዎ ገብተው አልጋዎቹን ቆጠሩ። ንጹሕ ነው፣ ግን ባዶ ነው ብለው ጻፉ። ስማቸው በመዝገብ ላይ ነበር፤ ሲስተር ኤደን አሳይታዎታለች። እርስዎ ግን መዝገቡ የተጋነነ ነው ብለው አልጋውን አመኑ። ሲስተር ኤደን እንደምትለው ሌሎቹም ማቆያዎች የሆኑት ይህንኑ ነው። እንደሚመጡ ቀድሞ ይነገራል፣ ቤቱ ይለቀቃል።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ምሳ ቀረበልዎ። እጅዎን ሲታጠቡ ውሃ ያፈሰሰችልዎ ማን ነበረች? ሞሚና አይደለችም? ሆዷ እስከዚህ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብላ። እቅፍ አድርገው ሳሟት። የት እንደምታድር አልጠየቋትም።

አጥኚ ያየውን ይጽፋል ብለውኛል። እርስዎ ያዩት አክብሮት ነው፤ የጻፉት ግን አልጋው አያስፈልግም ብለው ነው።

ላፕቶፕዎን አልፈልግም። የዩስራን እግርም አልለካልዎትም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የቆጠርኩት ስህተት ነበር ብለው በስምዎ፣ በማዕረግዎ ለወረዳውም ለዞኑም ይጻፉ። ቤቱ ይከፈት። ኢፍቱ አሁን እርጉዝ ናት፤ መስከረም ላይ ትደርሳለች። ያኔ ዝናብ ነው፣ ሳነቴ ላይ ጭጋጉ አይነሣም። ከእሷም ጋር ሌሎች አሉ። ኢፍቱ ሳነቴ ላይ ብትሞት ግን በዚህ ወረቀት ነግሬዎት እንደነበር ይወቁት።

እናቴ እስካሁን አልሰማችም። ጎረቤት ሲመጣ ፎቶዎን እያሳየች ወንድሜ ለድሆች ነው የሚሠራው ትላለች። ያሳደገችዎ እሷ ናት። እኔ ሰምቼ ዝም እላለሁ። እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም።

ሻፊ


ሮተርዳም፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሻፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ የልብህን ቁስል ያሽርልህ። የእኔን ምሕረት ደግሞ እሱ ያውቃል።

የጻፍከው ሁሉ እውነት ነው። ውሃውን ያፈሰሰችልኝ እሷ ናት። ማሰሮው ከብዷት በሁለት እጇ ነበር የያዘችው። «መቼ መጣሽ?» አልኳት። «ሰነባበትኩ» አለችኝ። እናንተ ቤት፣ ሮቤ፣ መስሎኝ ነበር። አለመጠየቄ አይደለም የሚያመኝ፣ መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አለማሰቤ ነው። በዚያን ቀን የነበረኝ ሐሳብ ሁሉ ስለ አልጋ ነበር።

ለባልደረቦቼ ተናግሬአለሁ። ስህተት አለ ብለን ብንጽፍ የሚቀበለን አዲስ ቆጠራ ይዘን ስንቀርብ ነው አሉኝ። ያ ደግሞ በትንሹ የከርሞ ሥራ ነው። ስለዚህ ያሰብኩት እንዲህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ቤቱ ለአጭር ጊዜ እንዲከፈትልኝ እጠይቃለሁ። አንተ ሴቶቹን አስተባብርልኝ፤ በዚያን ቀን እንዲገኙ፣ አልጋቸው ላይ እንዲሆኑ ንገራቸው። ለኢፍቱ ደግሞ ጎባ ክፍል ይፈለግላት፣ ኪራዩን እኔ እችላለሁ። ለወረዳው የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

እናትህ ከመስማቷ በፊት ራሴ ልነግራት እፈልጋለሁ። ይህን ብቻ ተውልኝ።

ዓብዱልፈታሕ


ሮቤ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለዶክተር ዓብዱልፈታሕ፣

ወዓለይኩም ሰላም። እኛ ደህና ነን። ዩስራ ደህና ናት።

ደብዳቤዎን ለኢፍቱ በስልክ አነበብኩላት፤ ያንኑ ጉብታ ወጥታ ነው የደወለችልኝ። ክፍል ይከራይልሽ ብሏል ስላት ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እኔ ጎባ ክፍል ይዤ ልተኛ፣ ጎረቤቶቼ ሳነቴ ላይ ይሙቱ? አጎትህ አሁንም የሚያየው አንድ አልጋ ነው።» እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

ከዚያ እርስዎን አልጠበቀችም። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ቀለል ባለ ጠዋት እሷና የቀናቸው የተቃረበ የሪራ ሴቶች በአይሱዙ ተጭነው ሳነቴን ተሻገሩ። ስልክ ደውለውልኝ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቅኋቸው። ሲስተር ኤደን ቁልፉን ይዛ ወጣች። ማን ፈቀደልሽ አልተባለችም፣ እሷም ማንንም አልጠየቀችም። የተሰበሩትን ወንበሮች እኔና ፍቅረሥላሴ አውጥተን ዝናብ ላይ ከመርናቸው። ሞተር ብስክሌቱን ስንጎትተው አልሄድ አለን። ኢፍቱ «ተዉት፣ እሱም ቀኑን ይጠብቅ» አለች።

እኩለ ቀን ላይ የግቢው ንብረት ኃላፊ አቶ ደጀኔ ጃንጥላ ይዘው መጡ። «ቤቱ የተዘጋው በጥናት ነው። የመክፈቻ ደብዳቤ የታለ?» አሉ። ኢፍቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሆዷን ይዛ «ደብዳቤው ይኸው፣ መስከረም ላይ ይነበባል» አለቻቸው። አቶ ደጀኔ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ።

በማግሥቱ ከወረዳ ሁለት ሰዎች ሊያዩ መጡ። እኔም ነበርኩ። ከበሩ ላይ «ቤቶች!» ሲሉ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ሴቶቹ ሁሉ ብድግ አሉ! ልማድ ነው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለች፣ ብርድ ልብሷን ማጠፍ ጀምራ ነበር። ኢፍቱ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። «ታኢ! ተቀመጪ! ዛሬ አልጋዋን የምትለቅ ጉድ ይፈላባታል!» ሴትዮዋ አፍራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ ግን ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ፣ ተጋደሙም። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ግቡ ያላቸው የለም፣ ወንበር የሰጣቸው የለም። እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሆኖ በሩ ላይ ቆመው ቆጠሩ። አንዱ «ሞልቷል» አለ ለሌላኛው፣ ቀስ ብሎ። ቤቱ እስከ ጥቅምት ይቆይ ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ግን ጥናቱን የሚሽር ጥናት ያስፈልጋል አሉ።

ስለዚህ እርስዎ አሁንም ያስፈልጉናል። ይህን ስጽፍ ያቃጥለኛል፣ ግን እውነት ነው። ሴቶቹን አስተባብርልኝ ብለዋል። አላስተባብርልዎትም፤ አሉ። አልጋቸው ላይ ናቸው። መምጣት ይችላሉ። ሲመጡ ግን በሩ ላይ ነው የሚቆሙት። ምሳ የለም። ውሃ የሚያፈስልዎ የለም። ቆጥረው እዚያው፣ ደጅ ላይ ሆነው ይጻፉና ፈርመው ለወረዳው ይሰጣሉ። የከርሞ የሚባል ነገር አንሰማም።

እናቴን ተውልኝ ብለው ለምነውኝ ነበር። ልተወው አስቤ ነበር። ግን ትናንት ጎረቤት መጥቶ ፎቶዎን ከግድግዳው ልታወርድ ስትንጠራራ ነገርኳት። ሁሉንም ደብዳቤ አነበብኩላት፣ የእርስዎንም የእኔንም። «ሰነባበትኩ» ያለችዎ ጋ ስደርስ «ቁም» አለችኝ። ፎቶውን ወደ ቦታው መለሰችው። አላለቀሰችም፣ አልረገመችዎትም። ለረጅም ጊዜ ዩስራን ጸጉሯን እየሠራች ቆየች።

እርስዎ ከአውሮፕላን በወረዱ ቁጥር እናቴ በር ድረስ ሮጣ ትቀበልዎ እንደነበር ያስታውሳሉ። ጉልበቷን እያመማት።

ማታ ስትተኛ የሚከተለውን ጻፍለት አለችኝ። እንዳለችው ነው የጻፍኩት።

«ይምጣ። ቤቱ ነው። ግን አልነሣለትም።»

ሻፊ